ጽዋ የማይቀበሉት ጠበቃ

አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ የሚጠሉት ሰው አልነበራቸውም፤ ይህ ደግሞ ለጠበቃ ቀላል ነገር አይደለም። አምርረው የሚጠሉት ከሞጣ ቢቸና የሚመላለሰውን አውቶቡስ ነበር። ወንበሩ ወገብ ይቆርጣል፣ መስኮቱ አይዘጋም፣ ጉንደ ወይን አካባቢ ሲደርስ ጭቃ ይይዘውና ወንድ የተባለ ሁሉ ወርዶ ይገፋል። እሳቸውም ኮታቸውን እንደለበሱ፣ የሕግ መጽሐፋቸውን በብብታቸው እንደያዙ፣ በአንድ እጃቸው ይገፉ ነበር። አንድ ቀን ሾፌሩ «አባባ፣ እርስዎ ይቀመጡ፣ ለመኪናው ሸክም አይሆኑም» አላቸው። ተመልሰው ተቀመጡ። መድከማቸውን ለራሳቸው ያመኑት ያን ዕለት ነው።

ሰውየው ተወልደው ያደጉት መርጡለ ማርያም፣ ቢሯቸውን የከፈቱት ሞጣ፣ የሚሟገቱት ግን አብዛኛውን ጊዜ ቢቸና ነው። ነገሩን ለማያውቅ ሰው እብደት ሊመስለው ይችላል፤ ግን ደህና ምክንያት አለው። የቢቸና ሰው ጎረቤቱን ለመክሰስ ሲነሣ የቢቸና ጠበቃ አያቆምም። የቢቸናው ጠበቃ ከከሳሹ ጋር አበልጅ ነው፣ የተከሳሹን ልጅ ክርስትና አንሥቷል፣ ከሁለቱም ጋር ማኅበር ይጠጣል፤ ቢያቆሙትም ችሎት ፊት ጉሮሮውን ከመጥረግ በቀር የሚናገረው አይኖርም። ስለዚህ ጠበቃ ከሞጣ ይመጣል። የሞጣ ሰውም በተራው ከቢቸና ያስመጣል። የሁለቱ ከተማ ጠበቆች መንገድ ላይ ሲተላለፉ በየአውቶቡሳቸው መስኮት ባርኔጣቸውን እያነሡ እጅ ይነሣሣሉ፤ ፊታቸውን ላየው ምነው በየቤታችን በቀረን የሚሉ ይመስላሉ።

ከሁሉ የከበደው ማሰሪያ ጽዋ ነው። ማኅበርተኛው በየወሩ በአንዱ ቤት ይሰበሰባል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፤ ሲያበቃ የሚቀጥለው ወር ደጋሽ ጽዋውን በነጭ ጨርቅ እንደተጠቀለለ ከባለቤቱ እጅ ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይወስዳል። በዚያ አገር ጽዋ ቤቱ ያለ ሰው፣ ድግሱን ደግሶ ለሌላ እስኪያስረክብ ድረስ፣ ጽዋው ከወጣበት ቤት ጋር ሙግት አይቆምም። ይህ የትም አልተጻፈም። የትም ስላልተጻፈም የሚሽረው አልተገኘም፤ ዳኛውም ያውቀዋል።

አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ሞጣ ከገቡ ጀምሮ የማንንም ጽዋ አልተቀበሉም። የሞጣ ሰው «ብቻቸውን ቆራቢ» የሚል ስም አውጥቶላቸዋል። ሥራቸው በዚህ ተከበረ። ባለቤታቸው ያረፉ ጊዜ ግን ቃሬዛውን የሚሸከም ማኅበርተኛ ጠፋና ባለጉዳዮቻቸው ተሸከሙት። ከፊት ግራና ቀኝ የያዙት ሁለቱ በድንበር የሚካሰሱ ነበሩ፤ ቤተ ክርስቲያን እስኪደርሱ ድረስ ስለዚያው ድንበር በሹክሹክታ ሲነታረኩ አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ከኋላ ይሰሙ ነበር። ለቅሶው እንኳ እንደ ሌላው ሰው በደንብ አልወጣላቸውም።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ መስከረም ሲጠባ፣ ካሰች የምትባል ልጅ ቢሯቸውን አንኳኳች። ዩኒቨርሲቲ ሕግ የምታጠና ናት፤ ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ገጠር እንዲያገለግሉ ይላካሉና እሷን ሞጣ ትምህርት ቤት አስተማሪ አድርገዋት ነው። ልጆቹ «ሚስ» ይሏታል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥያቄዋ የማያልቅ ልጅ ናት።

«ጋሼ፣ ሕጉን አስተምረውኛል» አለች፤ «ቢሮ ከፍቶ መኖርን ግን አንድም ሰው አላስተማረኝም። ስመረቅ የሰው ቅጥር መሆን አልፈልግም።»

አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ከመጽሐፋቸው ቀና ሳይሉ «ወንበር አለሽ?» አሏት።

«የምን ወንበር?»

«ቢሮ ማለት ወንበር ነው። ሁለት ይበቃሻል። አንዱ ላንቺ፣ አንዱ ለባለጉዳዩ። ሦስተኛ ካስቀመጥሽ አጎቱ ይመጣል። አራተኛ ካስቀመጥሽ ሽማግሌ ይዞ ይመጣና አንቺ ጠላ አቅራቢ ሆነሽ ትቀሪያለሽ።»

ካሰች የምትቀመጥበት ፈልጋ ዙሪያዋን አየች። ክፍሏ ከአንድ ጨርቅ ሻጭ ሱቅ ጀርባ ያለች ጠባብ ነገር ናት፤ እውነትም ሁለት ወንበር ብቻ ነው ያላት። ባዶዋን ስባ ተቀመጠች።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ትምህርት ቤት ሲለቀቅ ትመጣ ጀመር። እሳቸው የሚያስተምሯት አንቀጽ አልነበረም፤ አንቀጹንማ እሷ በቃሏ ትወጣዋለች።

«ባለጉዳይ ሲናገር ከአያቱ ይጀምራል» ይሏታል። «አታቋርጪው። ውሸቱን አስቀድሞ ይጨርስ፤ ሲደክመው እውነቱን ያወጣል።»

«እኔ ቀድሜው ቢደክመኝስ?»

«ይደክምሻል። እኔን አታዪኝም?»

ከባለጉዳይ ቤት እህል አይቀመስም፤ አንድ ጉርሻ የበላ ጠበቃ ተሸንፎ ሲመለስ ጉርሻው ይቆጠርበታል። የሰው ጉዳይ ለማንም አይወራም፣ «ለወለደችሽ እናት ቢሆን»። ዳኛ ሲቆጣ ወረቀት ማገላበጥ ነው፤ ሰው ወረቀት እያየ ላለ ሰው ቁጣው ቶሎ ይበርዳል። በተወለዱበት አገር ደግሞ ቢሮ አይከፈትም። ካሰች እዚህ ላይ ሁልጊዜ ትከራከራለች፤ ተወልዳ ያደገችው ቢቸና ነው፣ እናቷ ወይዘሮ ፈንታዬ እግራቸውን ታመው ብቻቸውን ናቸው፣ የምትከፍተውም እዚያው ነው።

«እንኪያስ ጽዋ ተጠንቀቂ» አሏት። «የሚካኤል ቢሉሽ፣ የገብርኤል ቢሉሽ፣ የባለ እግዚአብሔር ቢሉሽ፣ እጅሽን ኪስሽ ውስጥ ክተቺ።»

«ምን ነካዎት ጋሼ? እኔን ቀሚስ ለባሿን የሚካኤል ማኅበር የሚያስገባኝ የትኛው ወንድ ነው?»

አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ሳቁ። «እውነትሽን ነው። በዚህስ ተገላግለሻል» ብለው ነገሩን ተዉት። ሙግቱን ሲያውቁ ኖሩ እንጂ የሴቶቹን ጓዳ የት ያውቁታል።

ጥቅምት ሲገባ የደስታነሽን ጉዳይ ሰጧት። ደስታነሽ የቢቸና ሰው ናት፣ ባሏ የሞተባት፣ የሁለት ሴቶች ልጆች እናት። የባሏ ወንድም አቶ አምባቸው፣ ሟቹ መሬቱን በኑዛዜ ለኔ ሰጥቶኛል ብሎ እያረሰው ነው። ሕጉ ቀላል ነበር። የዚህ ዓይነት ኑዛዜ አራት ምስክር ፊት ይነበባል ይላል፤ የአምባቸው ኑዛዜ ሦስት ምስክር ብቻ ነው ያለው። ቆሞ ይህን የሚናገር አንድ አፍ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። አምባቸው ግን በየቀጠሮው አንድ ጊዜ ታምሜ ነው፣ አንድ ጊዜ ምስክሬ ቆላ ወርዶ ነው እያለ ጉዳዩን ዓመታት ጎትቶታል፤ አቶ ኃይለ ጊዮርጊስም በዚያ አውቶቡስ ተጎትተዋል። አሁን ዳኛው ተሰላችተው የመጨረሻ ቀጠሮ ሰጡ፤ ለኅዳር ሃያ ሦስት። ያን ቀን ከከሳሽ ወገን የሚናገር ከጠፋ መዝገቡ ይዘጋል፣ መሬቱም አምባቸው ዘንድ እንዳለ ይቀራል።

አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ለካሰች በራሳቸው ዋስትና ጊዜያዊ ፈቃድ አወጡላት። ሐሳባቸው አንድ ነበር። እሷ ይህን ጉዳይ ከቆመችና ድምጿ ቢቸና ላይ ከተሰማ፣ የቢቸናው ሥራ ሁሉ የእሷ ይሆናል። እሳቸው ሞጣ በራፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ይቀመጣሉ። አውቶቡሱም ያለእሳቸው ይሄዳል፤ እንዲያውም ሲያልፍ እያዩ ሊስቁበት አስበው ነበር።

ካሰች ለኅዳር ጽዮን ከእናቷ ጋር ልዋል ብላ ቀደም ብላ ሄደች። እሳቸው ከበዓሉ ማግስት ተከተሉ፤ ችሎቱ ውስጥ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ሊያዩዋት፣ አውቶቡሱንም ለመጨረሻ ጊዜ ሊሳፈሩ። ጉንደ ወይን ላይ መኪናው ሲቆም እንኳ ደስ ብሏቸው ነበር።

ቢቸና ሲደርሱ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። አቧራቸውን እያራገፉ ወይዘሮ ፈንታዬ ቤት ገቡ። ወይዘሮዋ እግራቸውን ዘርግተው መደብ ላይ ተቀምጠዋል፤ ለመነሣት ሞክረው አቅቷቸው ተሳቀቁ።

«ይቀመጡ፣ ይቀመጡ። ልጅዎ የታለች?»

«ጓዳ ናት። አንቺ ካሰች፣ ጋሼ መጥተዋል።»

አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ባርኔጣቸውን የሚያኖሩበት ሲፈልጉ ዓይናቸው ከራስጌ በኩል ካለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ዐረፈ። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ተቀምጦባታል። ባርኔጣቸውን እንደያዙ ቆሙ።

ካሰች ከጓዳ ወጣች። የሚያዩትን አይታ ቀድማ ተናገረች።

«የእማዬ ነው። የእመቤታችን ማኅበር ትጠጣለች። ትናንት ተራው ለሷ ደረሰና እግሯ እንቢ ቢላት እኔ ሄጄ ተቀበልኩላት።»

«ከማን እጅ?»

«ከእትዬ አምሳለች።»

«ከአምባቸው ሚስት።»

«ከአምባቸው ሚስት» አለች፤ ድምጿ አነሰ።

አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ቁጭ አሉ። ወይዘሮ ፈንታዬ አንዴ እሳቸውን አንዴ ልጃቸውን ያያሉ።

«ምን ላድርግ ጋሼ?» አለች ካሰች። «ሴቱ ሁሉ እልል እያለ እያየኝ ነው። አልቀበልም ብል ምክንያቴን መናገር ነው፤ የሰው ጉዳይ አታውሪ ብለውኛል። ደግሞ የእማዬ ጽዋ እንጂ የእኔ ነው እንዴ? የሴቶች ጽዋ መቼ ችሎት ገብቶ ያውቃል?»

«ሴት ጠበቃ ኖራ አታውቅማ።»

«እርስዎም የከለከሉኝ የሚካኤልን ነው።»

«እኔም ሴት ጠበቃ አስተምሬ አላውቅማ።»

ወይዘሮ ፈንታዬ ነገሩ ገባቸው። «ነገ የምትቆሚው አምባቸው ላይ ነው?» አሉ። «ለኔ አትነግሪኝም? ባውቅ እልክሽ ነበር?»

«አልነግርሽም፤ ተከልክያለሁ።»

ሁለቱም ዞረው አቶ ኃይለ ጊዮርጊስን አዩዋቸው። እሳቸው ግን ሌላ ነገር እያሰቡ ነበር። «ወይዘሮ ፈንታዬ፣ የትናንቱ ድግስ ተራው የወይዘሮ አምሳለች ነበር?»

«የለም። የውበቴ ነበር። አምሳለች ናት ጽዮንን እኔ ልደግስ ብላ ተራ የለመነቻት። ደግነቷ ነው ብለን መረቅናት እንጂ።»

አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ መሳቅ ጀመሩ፤ ሳቁ ሳል ሆነባቸው። «ይህን ሁሉ ዘመን ስሟገት» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «እንዲህ ያለ መከላከያ ያቀረበ ተከሳሽ አላየሁም። አምባቸው እኮ አይደለም፤ እሱ ይህን አያስባትም።»

ካሰች ጽዋው ቤቷ እያለ ነገ ብትቆም የሚሆነውን ሦስቱም ያውቁታል። ዳኛው ከወረቀታቸው ቀና አይሉላትም። ማኅበሩ ወይዘሮ ፈንታዬን ያወጣቸዋል፤ አንድ እንስራ ውሃ ቀድታ የምታቀብላቸው ጎረቤት አትኖርም። ካሰች በገዛ አገሯ «የእመቤቴን ጽዋ የከዳች» ተብላ ትቀራለች።

«እኔ እቆማለሁ» አሉ አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ። «ነገ አንቺ ከኋላ ተቀመጪ።»

ወይዘሮ ፈንታዬ ተነፈሱ። «እግዜር ይስጥልኝ።»

«ነገስ እሺ» አለች ካሰች። «ከነገ ወዲያስ?»

«ከነገ ወዲያም እቆማለሁ።»

«እስከ መቼ ጋሼ?»

ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አዞሩት። አምሳለች መንገዱን አሳይታለች፤ ከእንግዲህ ካሰችን የፈራ ሁሉ ለእናቷ ጽዋ መላክ ነው። ልጅቱ ቢቸና ላይ ቢሮ ሳትከፍት ቢሮዋ ተዘጋ።

«ጠዋት ወስጄ እመልስላታለሁ» አለች።

«ጽዋ ይመለሳል ልጄ?» አሉ እናትየዋ። «ማን መልሶ ያውቃል? እኔስ ነገ ብሞት ማን ያነሣኛል? ኧረ እርስዎ ይንገሯት፤ እርስዎን ትሰማለች።»

አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ያንን ቃሬዛ አስታወሱ፤ ሁለቱ ባለጉዳዮች ስለ ድንበር የተነታረኩበትን። ዝም ቢሉ ልጅቱ ትመልሰዋለች፣ ነገ ትቆማለች፣ እሳቸውም ያርፋሉ። ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባቸው፤ ደክሟቸውም ነበር።

«አትመልሺው» አሏት። «ብዙ ነገር አስተምሬሻለሁ። የእኔን አኗኗር ግን አትማሪ።»

ካሰች እሺም እንቢም ሳትል እራት ልታቀርብ ወደ ጓዳ ገባች።

በማግስቱ ጠዋት አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ካደሩበት ሆቴል ኮታቸውን ለብሰው፣ ለመቆም ተዘጋጅተው ወጡ። አደባባዩ ጋ ሲደርሱ ካሰችን አዩዋት። ጽዋውን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛ በመንገዱ መሐል ትሄዳለች። ነጩ ጨርቅ ከሩቅ ይታያል። ከኋላዋ ወይዘሮ ፈንታዬ በዱላ እያነከሱ ይከተሏታል፤ አይጠሯትም፣ አያለቅሱም፣ መከተል ብቻ። ሴቶች ከየደጃቸው ወጥተው ያያሉ። አንዳንዷ ነጠላዋን አስተካክላ ትከተላለች፤ ሰው እንዲህ ያለውን እያየ ቤቱ እንዴት ይቀመጣል። አቶ ኃይለ ጊዮርጊስም ተከተሉ።

ወይዘሮ አምሳለች ከበዓል የተረፈውን ዕቃ በራፋቸው ላይ ሲያሳጥቡ አገኟቸው። የድግሱን ዕቃ ለማጠብ የመጡ ማኅበርተኞችም አሉ። አምሳለች እጃቸውን አድርቀው ቀና አሉ፤ ፊታቸው ፈገግታ በፈገግታ ነው።

«እንደምን አደርሽ ልጄ። ምነው በማለዳ? ጽዋ ይዘሽስ ወዴት ነው?»

«እርስዎ ዘንድ ነው እትዬ። ይቀበሉኝ።»

«ከሰጠሁ በኋላ?» እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ። «እጄ የተዘረጋው ለመስጠት ነበር። አሁን ብርድ ብርድ ብሎኛል።»

ካሰች ጽዋውን እንደያዘች ቆመች። መሬት አይቀመጥ ነገር ጽዋ ነው። ዞራ አትሄድ ነገር የመጣችው ለመመለስ ነው። ክንዷ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በዚህ መሐል ደስታነሽ ሁለቱን ልጆቿን አስከትላ ከፍርድ ቤቱ በኩል እየሮጠች መጣች።

«ዳኛው ገብተዋል» አለች ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «የመጀመሪያውን መዝገብ ይዘዋል። ቀጥሎ የኛ ነው።»

«ሂጂ እንግዲህ» አሉ አምሳለች ለካሰች፣ ለዘብ ባለ ድምፅ። «ጽዋሽን ይዘሽ ችሎት ግቢ። ወይም ማኅበርተኛ ይቀበልሽ። ማን ይቀበላታል? አለ የሚቀበላት?»

ሴቶቹ ወደ እግራቸው አዩ። አንዷ የታጠበ ሳህን አንሥታ እንደገና ማጠብ ጀመረች። የተቀበለ ከአምሳለች ቤት ጋር ይታሰራልና፣ አምባቸው ደግሞ የማይዋሰነው መሬት የለምና፣ እጇን የምትዘረጋ ጠፋች። ወይዘሮ ፈንታዬም ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ እሳቸው ቢቀበሉ ጽዋው ተመልሶ ያው የካሰች ቤት መግባቱ ነው።

አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ከኋላ ቆመው ይህን ሁሉ ያያሉ። ሮጠው ችሎት ገብተው ራሳቸው መቆም ይችሉ ነበር፤ ኮታቸውንም የለበሱት ለዚያ ነው። ግን የልጅቱን ክንድ አዩት። ባርኔጣቸውን አውልቀው ለደስታነሽ አስያዟትና በሴቶቹ መሐል አልፈው ካሰች ፊት ቆሙ። ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

«ለኔ ስጪኝ።»

«ጋሼ፣ ከተቀበሉ እኮ...»

«አውቃለሁ። ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ።»

«ወንድ?» አሉ አምሳለች፤ ፈገግታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀነሰ። «የሴቶች ማኅበር ነው እኮ። ማኅበርተኛም አይደሉ።»

ከሴቶቹ ሁሉ ትልቋ፣ ተራቸውን የለቀቁት ወይዘሮ ውበቴ፣ ከተቀመጡበት በርጩማ ሳይነሡ «እመቤታችን ወንድ ትጠላለች ያለሽ ማነው?» አሉ። «ወንድ ልጅ ነው የወለደችው። አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ ማኅበራችን ይገባሉ?»

«እገባለሁ።»

«ተረኛ ነዎት ማለት ነው። ጌሾ ይወቅጣሉ?»

«አስወቅጣለሁ።»

«ዳቦስ?»

«ዳቦ...» አሉና ቆሙ። «ዳቦ እማራለሁ።»

ሴቶቹ ሳቁ። ሳቅ ከገባ ደግሞ ነገሩ አለቀ፤ አምሳለችም ይህን ስላወቁ አልተከራከሩም። ካሰች ጽዋውን እጃቸው ላይ አኖረችና ክንዶቿን ወደ ታች ጣለች።

«ጽዋው ከኔ ቤት ነው የወጣው» አሉ አምሳለች። «እንግዲህ ከኔ ቤት ጋር አይሟገቱም።»

«አልሟገትም። እሷ ትሟገታለች።»

ካሰች ደስታነሽን ክንዷን ይዛ ሮጠች። ባርኔጣቸው በዚያው ሄደ።

ጽዋ ይዞ ችሎት አይገባም። አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ፍርድ ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ባዶ ራሳቸውን ተቀመጡ። ፀሐይ አናታቸውን ትመታቸዋለች። በመስኮቱ የካሰች ድምፅ ይሰማል። መጀመሪያ ቀጥኖ፣ የተጣደፈ፣ ማንም የማይሰማው ዓይነት ነበር። አምባቸው በላይዋ ላይ ጮኸባት። ዝም አለች። አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ከተቀመጡበት ወደ ፊት ዘንበል አሉ፤ «ምስክሮቹን ጥሪያቸው፣ በስማቸው» አሉ ለራሳቸው፣ ከንፈራቸው ብቻ እየተንቀሳቀሰ። ተነሥተው በመስኮቱ ሊነግሯት ይችሉ ነበር። እጃቸው ላይ ያለውን አዩና ተመልሰው ተደገፉ።

ውስጥ ወረቀት ሲገላበጥ ተሰማ። ከዚያ ካሰች እንደገና ጀመረች፤ አሁን ቀስ ብላ፣ ክፍል ውስጥ ልጆችን እንደምትጠራ አድርጋ። የመጀመሪያውን ምስክር ስም ጠራች። ሁለተኛውን ጠራች። ሦስተኛውን ጠራች።

«አራተኛው ማን ይባላል?» አለች።

አምባቸው ሳል ያዘው።

አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንቅልፍ ሊወስዳቸው ትንሽ ሲቀረው አንዲት ሴት መጥታ ጎንበስ አለች፤ ጽዋ የያዘ ሰው አይታ ሳትሳለም አታልፍም። ለተሳላሚ ደግሞ ቆሞ ነው የሚያዘው። ተነሡ። ተሳለመች፣ ሄደች። ተቀመጡ። ሌላዋ መጣች። ተነሡ። ገበያ የሚሄደው መንገድ በግቢው በኩል ያልፋልና ሴቱ አላልቅ አለ። አውቶቡሱን ሲገፉ እንኳ ጉልበታቸው እንዲህ ደክሞ አያውቅም።

ወይዘሮ ውበቴ መጥተው አጠገባቸው ከድንጋዩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ድግሱ ታኅሣሥ ሃያ አንድ ነው» አሏቸው። «ይወቁት ብዬ ነው።»

«ሞጣ ባደርገውስ? ቤት አለኝ።»

«ሞጣ ማን ይመጣል? እዚሁ ነው፣ ፈንታዬ ቤት፤ ተነጋግረናል። ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ መሰለዎት? ማኅበርተኛ ነዎት። በየወሩ ሃያ አንድ እንጠብቅዎታለን።»

«በየወሩ።»

«ክረምትም በጋም። ቢሞቱ ደግሞ እኛው ነን የምናነሣዎት፤ ሞጣ ድረስ እንመጣለን። አውቶቡስ አለ አይደል?»

አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ስለ አውቶቡሱ ብዙ የሚሉት ነበራቸው፤ ግን ሌላ ተሳላሚ መጣችና ተነሡ።

ችሎቱ ሲለቀቅ አምባቸው ማንንም ሳያይ ወጣ። ቀጥሎ ደስታነሽና ልጆቿ፤ ቀጥሎ ካሰች፣ ፊቷ በላብ ርሶ፣ የእሳቸውን ባርኔጣ በእጇ ይዛ። ልጆቹ ሮጠው መጥተው ጽዋውን ተሳለሙ፤ ቆመው አሳለሟቸው።

«ኑዛዜው ወደቀ» አለች ካሰች። «መሬቱን ለማካፈል ከገና በኋላ ቀጥረውናል።»

«ሌላ ቀጠሮ» አሉ።

«ሌላ ቀጠሮ። እኔ እቆማለሁ።» ባርኔጣውን ራሳቸው ላይ አድርጋ አስተካከለችላቸው። «ደክመዋል እኮ ጋሼ። ሆቴልዎ እስክንደርስ እኔ ልያዝልዎ» ብላ ሁለት እጇን ዘረጋች።

አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ጽዋውን ወደ ደረታቸው አስጠጉ።

«አንቺ አትንኪው» አሏትና ወደ ሆቴላቸው መንገድ ጀመሩ።